ተጋማሽ፣ ኢተጋማሽ፣ ካሬ፦ ከቦሌ ጎዳና እስከ ባሕረ ሐሳብ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው የሒሳብ ዝግጅታችን የሦስት ዓይነት ቁጥሮችን ባሕርይ ይመለከታል፤ የተጋማሽ፣ የኢተጋማሽና የካሬ ቁጥሮችን። ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አቅርቡ። ልጆች አጠገባችሁ ካሉም ጥሯቸው።

ከሁሉ በፊት ትርጉማቸውን እናስታውስ። ለሁለት እኩል ሲከፈል ምንም የማይተርፈው ቁጥር ተጋማሽ ነው፤ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 እያለ ይቀጥላል። ዜሮም ተጋማሽ ነው። ለሁለት ሲከፈል አንድ የሚተርፈው ደግሞ ኢተጋማሽ ነው፤ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9። ካሬ ቁጥር የምንለው አንድን ቁጥር በራሱ ስናባዛ የምናገኘውን ነው፤ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25።

ይህን ማንኛውም የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ከትርጉሙ በኋላ የሚመጣው ነው። «ይህ ቁጥር ለሁለት እኩል ይከፈላል ወይ?» የምትለው ትንሽ ጥያቄ ብዙ ሳንቆጥርና ሳናባዛ ስለ ትልልቅ ቁጥሮች እርግጠኛ ታደርገናለች። ይህንንም በመንገዳችን፣ በገበያችን፣ በቤታችን ወለልና በዘመን አቆጣጠራችን እናያለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመንገድ እንጀምር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ መንግሥት የተሽከርካሪዎችን እንቅስቃሴ ለመቀነስ አንድ መመሪያ አውጥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የግል መኪኖች በታርጋቸው የመጨረሻ አኃዝ እየተለዩ፣ ሰዎች ተጋማሹን «ሙሉ»፣ ኢተጋማሹን «ጎዶሎ» እያሉ በሚጠሩት አከፋፈል በፈረቃ እንዲወጡ ተደረገ። በቦሌ መንገድም ሆነ በገርጂ ወይም በሲኤምሲ አንድ ትራፊክ ፖሊስ የመኪናውን ተራ ለማወቅ የሚያስፈልገው የታርጋውን የመጨረሻ አኃዝ ማየት ብቻ ነበር።

ለምን የመጨረሻውን ብቻ? ታርጋው 47385 ነው እንበል። ይህን ቁጥር 47380 ሲደመር 5 አድርገን ልንጽፈው እንችላለን። 47380 በ0 ስለሚያልቅ የ10 ብዜት ነው። 10 ራሱ ተጋማሽ ነው፤ ስለዚህ የ10 ብዜት የሆነ ሁሉ ለሁለት ሲከፈል አንዳች አይተርፈውም። ከፊት ያሉት አኃዞች ምንም ቢሆኑ ፍርዱን ሊለውጡት አይችሉም። የቀረው 5 ነው፤ 5 ኢተጋማሽ ስለሆነ ታርጋውም ኢተጋማሽ ነው። ቁጥሩ የ5 አኃዝ ይሁን የ50 አኃዝ፣ መጨረሻውን ያየ ሰው ሁሉንም አይቷል።

አከፋፈሉ ሚዛናዊ የሆነበትም ምክንያት እዚሁ ላይ ነው። ቁጥሮች በተራ ሲሰደሩ ከእያንዳንዱ ተጋማሽ ቀጥሎ ኢተጋማሽ፣ ከእያንዳንዱ ኢተጋማሽ ቀጥሎ ተጋማሽ ይመጣል። በተከታታይ የተሰጡ ታርጋዎችን ለሁለት ብንከፍላቸው የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ቢበዛ አንድ ነው።

በዚያው ሰሞን ሌላም መመሪያ ነበር። የሕዝብ ማመላለሻዎች የተሳፋሪውን ቁጥር በግማሽ ቀንሰው፣ ታሪፉን ደግሞ እጥፍ አድርገው እንዲሠሩ ተፈቀደ። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል፣ እያንዳንዱም 5 ብር ይከፍላል ብንል ገቢው 60 ብር ነው። ተሳፋሪው ተጋምሶ 6 ቢሆን፣ ታሪፉም ታጥፎ 10 ብር ቢሆን፣ 6 ጊዜ 10 አሁንም 60 ብር ይሆናል። አንዱ ሲጋመስ ሌላው ከታጠፈ ብዜቱ አይለወጥም።

ተሳፋሪዎቹ 11 ቢሆኑስ? የ11 ግማሽ 5 ሆኖ አንድ ሰው ይተርፋል። 5 ጊዜ 10፣ 50 ብር ነው። የመጀመሪያው ገቢ ግን 11 ጊዜ 5፣ 55 ብር ነበር። የጎደለው 5 ብር የዚያ የተረፈው አንድ ሰው ሒሳብ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አሁን ወደምናየው ዘዴ የሚያስገባን በር ይህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ በአገራችን ስም የሚጠራ የማባዣ ዘዴ አለ። «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይሉታል። ሌሎች ደግሞ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» ብለው ይጠሩታል። በማጠፍ የማባዛት ጥበብ በጥንታዊት ግብፅም ይሠራበት እንደነበር፣ አህሜስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የገለበጠው የፓፒረስ ጥቅል ይመሰክራል። ጥቅሉ ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። የዘዴው ውበት የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል መያዝ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ማጋመስ፣ ማጠፍና መደመር የሚችል ሰው ማንኛውንም ሁለት ቁጥር ማባዛት ይችላል።

አንድ ባለሱቅ 13 ሳጥን ለስላሳ ተረከበ እንበል። በእያንዳንዱ ሳጥን 24 ጠርሙስ አለ። ጠቅላላው ስንት ጠርሙስ ነው? እርሳሳችሁን ያዙ።

በግራ በኩል 13ን፣ በቀኝ በኩል 24ን ጻፉ። የግራውን ለሁለት ክፈሉ፤ የሚተርፍ አንድ ካለ ተዉት። የቀኙን እጠፉ። ከ13 በታች 6፣ ከ24 በታች 48 ይሆናል። እንደገና፣ ከ6 በታች 3፣ ከ48 በታች 96። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ከ3 በታች 1፣ ከ96 በታች 192። ግራው 1 ላይ ሲደርስ እናቆማለን።

አሁን በግራ ያሉትን ቁጥሮች ተመልከቱ፤ 13፣ 6፣ 3 እና 1። ከእነዚህ ተጋማሹ 6 ብቻ ነው። በ6 ትይዩ ያለውን 48 ሰርዙት። በኢተጋማሾቹ ትይዩ ያሉትን ደምሩ፤ 24 ሲደመር 96፣ 120። 120 ሲደመር 192፣ 312። ባለሱቁ የተረከበው 312 ጠርሙስ ነው። በለመድነው መንገድ ብናባዛም መልሱ ያው ነው።

ለምን ይሠራል? የሚኒባሱን ሒሳብ አስታውሱ። ግራው ተጋማሽ ሲሆን፣ አንዱን አጋምሰን ሌላውን ብናጥፍ ምንም አይጎድልም። ስለዚህ በዚያ መስመር የምንይዘው ነገር የለም፤ እንሰርዘዋለን። ግራው ኢተጋማሽ ሲሆን ግን ስናጋምስ አንድ ይተርፋል፣ የዚያ አንድ ዋጋም በቀኝ በኩል የተጻፈው ቁጥር ነው። ያንን ካልያዝነው ይጎድለናል። ስለዚህ በኢተጋማሽ መስመሮች ያሉትን ሰብስበን እንደምራለን። ከመሰረዝና ከመደመር በስተጀርባ ያለው ምክንያት ይኸው ነው።

በዚህ ሥራ 13ን ወደ ሦስት ክፍሎች በትነነዋል፤ 8 ሲደመር 4 ሲደመር 1። እያንዳንዱ ቁጥር እየታጠፉ በሚሄዱት በ1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና በመሳሰሉት ድምር ሊጻፍ ይችላል፤ አንዱን እጥፍ ከአንድ ጊዜ በላይ ካልተጠቀምን የሚጻፈውም በአንድ መንገድ ብቻ ነው። በእጃችን የያዝነው ስልክና በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዙት በዚህ አጻጻፍ ነው፤ ቁጥሩ በተደጋጋሚ ሲጋመስ በየጊዜው የሚተርፍ ካለ 1፣ ከሌለ 0 ሆኖ ይመዘገባል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ሲገናኙ የሚሆነውን እንይ። ተጋማሽና ተጋማሽ ሲደመሩ ተጋማሽ ይሆናሉ። ኢተጋማሽና ኢተጋማሽ ሲደመሩም ተጋማሽ ይሆናሉ፤ ከሁለቱ የተረፉት አንድ አንድ ተገናኝተው ሁለት ይሆናሉና። ተጋማሽና ኢተጋማሽ ሲደመሩ ግን ኢተጋማሽ ይሆናሉ፤ የተረፈው አንድ ጓደኛ አያገኝም። በብዜት ጊዜ ደግሞ ከተባዦቹ አንዱ እንኳ ተጋማሽ ከሆነ ውጤቱ ተጋማሽ ነው። ብዜት ኢተጋማሽ የሚሆነው ሁሉም ተባዦች ኢተጋማሽ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ይህ ለባለሱቅ ይጠቅማል። የገዛችሁት ዕቃ ሁሉ ዋጋው በተጋማሽ ብር ከሆነ ድምሩ ኢተጋማሽ ሊሆን አይችልም። ሒሳቡ 347 ብር ነው ከተባላችሁ፣ እንደገና ሳትደምሩ ስሕተት መኖሩን ታውቃላችሁ። ድምሩ ተጋማሽ መሆኑ ግን ሒሳቡ ልክ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ይህ ፍተሻ አንዳንድ ስሕተቶችን ያጋልጣል፤ ሁሉንም አያጋልጥም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ካሬ ቁጥሮች እንለፍ። በቦሌ፣ በሰሚት፣ በአያትና በየካ አባዶ ስለ ቤትና ስለ ቦታ ሲወራ «ካሬ» የማይነሳበት ጊዜ የለም። ባለ 140 ካሬ፣ ባለ 250 ካሬ እንላለን፤ ካሬ ሜትር ማለታችን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ጎኑ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ 100 ካሬ ነው። ጎኖቹ እጥፍ ሆነው 20 በ20 ቢሆኑ ቦታው 200 ካሬ አይሆንም፤ 400 ካሬ ነው። ጎን ሁለት እጥፍ ሲያድግ ስፋት አራት እጥፍ ያድጋል። ቦታ የምትገዙም የምትሸጡም ይህን ያዙ።

አሁን አንድ ክፍል ሴራሚክ እናንጥፍ። ክፍሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ሴራሚኩ 40 ሳንቲ ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በእያንዳንዱ ጎን 10 ሴራሚክ ይገባል፤ በጠቅላላው 100። ክፍሉ በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ሴራሚክ ቢሰፋ ስንት እንጨምራለን? በአንዱ ጎን 10፣ በሌላው ጎን 10፣ በማዕዘኑ 1፤ በድምሩ 21። 100 ሲደመር 21፣ 121 ይሆናል፤ ይህም 11 በ11 ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምረው። አንድ ሴራሚክ አስቀምጡ። 3 ጨምሩበት፤ 2 በ2 የሆነ ካሬ ይወጣል። 5 ጨምሩ፤ 3 በ3። 7 ጨምሩ፤ 4 በ4። በየጊዜው የምንጨምረው ሁለት እኩል ጎኖችንና አንድ ማዕዘን ስለሆነ ሁልጊዜ ኢተጋማሽ ነው። ስለዚህ ኢተጋማሽ ቁጥሮችን ከ1 ጀምረን በተራ ስንደምር የምናገኘው ሁልጊዜ ካሬ ቁጥር ነው። የደመርናቸው ብዛት 10 ከሆነ ድምሩ 10 በ10፣ ማለትም 100 ነው። ይህ በአራትና በአምስት ምሳሌ ታይቶ የተገመተ አይደለም፤ ሁለት ጎንና አንድ ማዕዘን የሌለው ካሬ ስለሌለ መቼም የማይፈርስ እውነት ነው።

በቃል ለማስላትም ይረዳል። 31 በ31 ስንት ነው? 30 በ30፣ 900 ነው። 30 እና 31ን ጨምሩበት፤ 961።

አሁን ደግሞ ካሬዎችን ለአራት እናካፍል። የጎኑ ቁጥር ተጋማሽ የሆነ ወለል በቁመቱም በወርዱም መሐል ለመሐል ሲቆረጥ አራት እኩል ካሬዎች ይወጡታል። ስለዚህ የተጋማሽ ቁጥር ካሬ ለአራት ያለ ቀሪ ይካፈላል። የጎኑ ቁጥር ኢተጋማሽ የሆነውንስ? 7 በ7 የሆነ ወለል አስቡ። ከመካከሉ ያለችውን አንዲት ሴራሚክ ለብቻዋ ለዩ። የቀሩት 48 በዙሪያዋ አራት እኩል ክፍሎች ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ 3 በ4። አራት ጊዜ 12፣ 48፤ ከመካከለኛዋ ጋር 49። ጎኑ 9 ቢሆን አራቱ ክፍሎች 4 በ5፣ ጎኑ 11 ቢሆን 5 በ6 ይሆናሉ። ስለዚህ የኢተጋማሽ ቁጥር ካሬ ለአራት ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ይተርፈዋል።

ይህን አስምሩበት፦ ካሬ ቁጥር ለአራት ሲካፈል ወይ ምንም አይተርፈውም፣ ወይ 1 ይተርፈዋል። 2 ወይም 3 የሚተርፈው ካሬ ቁጥር ኖሮ አያውቅም፤ አይኖርምም። አንድ ሰው «ርዝመቱና ወርዱ እኩል የሆነ አዳራሽ፣ ሳይቆረጥ፣ በ1998 ሴራሚክ አነጠፍኩ» ቢላችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ብቻ ተመልከቱ። 100 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ፍርዱ ያለው በ98 ላይ ነው። 98 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ስለዚህ የተባለው ሊሆን አይችልም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ይህን ሕግ በአገራችን የዘመን ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ ላይ እንሞክረው። እንደምታውቁት ዘመናቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠራሉ። ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠሩት ዓመታት የሚገኙት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 በመደመር ነው። ያንን ለ4 ስናካፍል 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዘመነ ዮሐንስ ነው። 5500 ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ብናካፍልም ቀሪው አይለወጥም። 2018ን ለ4 ብናካፍል 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ።

ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ሉቃስ ደግሞ 3 የሚተርፈው ዓመት ስለሆነ ምንጊዜም ኢተጋማሽ ነው። 2011 እና 2015 እንዲህ ነበሩ፤ 2019ም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር ተጋማሽ ሆኖ ጳጉሜን 6 ያለው ዓመት የለም። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ደግሞ የካቲታቸው 29 የሚሆነው ለ4 በሚካፈል፣ ስለዚህም ሁልጊዜ ተጋማሽ በሆነ ዓመት ነው።

ካሬ የሆኑ ዓመታትስ? 43 በ43፣ 1849 ነው። 44 በ44፣ 1936 ነው። 45 በ45፣ 2025 ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 87 እና 89፣ ሁለቱም ኢተጋማሽ፤ ልክ ሴራሚኩን ስናሰፋ እንዳየነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው የነበረበት 1849 ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ ማቴዎስ። 1936 ምንም አይተርፈውም፤ ዮሐንስ። መጪው 2025ም 1 ይተርፈዋል፤ ማቴዎስ። ካሬ ቁጥር ለ4 ሲካፈል 2 ወይም 3 ሊተርፈው ስለማይችል፣ ካሬ የሆነ ዓመት ማርቆስም ሉቃስም ሆኖ አያውቅም። እንግዲህ አንድም የዘመን መቁጠሪያ ሳንገልጥ ይህን እርግጠኛ ሆነን መናገር እንችላለን፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካሬ በሆነ ዓመት ጳጉሜን 6 የለም፤ ከዛሬ ሺህ ዓመት በኋላም አይኖርም።

ባሕረ ሐሳብ ስለ ተጋማሽና ኢተጋማሽ ሌላም ነገር ያሳየናል። አጽዋማትንና በዓላትን ለማውጣት የሚያገለግሉት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። በ2017 አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ነበር፤ በ2018 አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18። 30 ተጋማሽ ስለሆነ ሁለቱ ወይ አብረው ተጋማሽ፣ ወይ አብረው ኢተጋማሽ ይሆናሉ። አንዱ ተጋማሽ፣ ሌላው ኢተጋማሽ ሆኖ ካገኛችሁት በስሌታችሁ ውስጥ ስሕተት አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ለቤት ሥራ ሦስት ጥያቄዎችን እንስጣችሁ። አንደኛ፣ 17 ጊዜ 35ን በማጋመስና በማጠፍ ሥሩ፤ የትኞቹ መስመሮች እንደሚሰረዙም አመልክቱ። ሁለተኛ፣ ከ1 እስከ 99 ያሉት ኢተጋማሽ ቁጥሮች ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ? አንድ በአንድ ሳትደምሩ መልሱ። ሦስተኛ፣ ከ2019 ቀጥሎ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት ዓመት የትኛው ነው? ያ ዓመት ካሬ ቁጥር ሊሆን የማይችለውስ ለምንድን ነው?

ለወላጆችና ለመምህራን ደግሞ አንድ አደራ አለን። ልጁ «ድምሩ ተጋማሽ ነው» ብሎ ሲመልስ «ጎበዝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ «በምን አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጅቷ ኢተጋማሽ ቁጥሮችን ደምራ ካሬ ስታገኝ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው? ለምን?» በሏት፤ ጠጠርም ይሁን ቆርኪ ስጧትና ደርድራ ታሳያችሁ። ሒሳብን በቃል የያዘ ልጅ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል፤ ምክንያቱን ያገኘ ልጅ ግን ቢረሳው እንኳ እንደገና ሊደርስበት ይችላል። ይህ ደግሞ የተለየ መሣሪያም ሆነ ውድ ትምህርት ቤት አይጠይቅም፤ ጊዜ ሰጥቶ የሚጠይቅና መልሱን በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሰው ብቻ ይበቃል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከራሳቸውና ከአንድ በስተቀር አካፋይ ስለሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች እንነጋገራለን። እስከዚያው የቤት ሥራውን ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)